«4.6» ምን ምን ይላል? የክራፍት ቢራ አድናቂዎችን ነጥብ ስንመረምር

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ የድሮ ጓደኛዬ በወር አንዴ ሁለቴ የቢራ ፎቶ ይልክልኛል። ጣሳው አለ፣ አረፋ የደፋ ብርጭቆ አለ፣ ከሥር ደግሞ ነጥብ፦ «4.6 ከ5!» በቃ። ሌላ ቃል የለም። መጀመሪያ ሰሞን «ይመችህ» እያልኩ አልፈው ነበር። እየቆየ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። የምግብ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ሎሚ ሎሚ የሚል ቢራ አውቃለሁ፣ ሙዝ ሙዝ የሚል አውቃለሁ፣ ያረረ ቡና የሚልም አውቃለሁ። 4.6 የሚል ቢራ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፦ 4.6 ምን ምን ይላል?

ቀልድ ብቻ አይምሰላችሁ። ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት የክራፍት ቢራ አድናቂዎች እርስ በርስ የሚመካከሩት በአብዛኛው በዚህ ቋንቋ ነው። አንዱ ይቀምሳል፣ ነጥብ ይሰጣል፣ ሌላው ነጥቡን አይቶ ይገዛል። ብዙ ትናንሽ ጠማቂዎች ማስታወቂያ የሚያስነግሩበት ገንዘብ ስለሌላቸው ገበያቸው የተንጠለጠለው በእነዚህ ሰዎች አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ምን እንደሚለካ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል። የእኔን አቋም ገና ከመነሻው ልንገራችሁ፦ አድናቂዎቹ የሚሰጡት ቁጥር ከቢራው ይልቅ ስለ ጠጪው ይናገራል። አብረው የሚጽፉት ቃል ግን፣ ብዙ ሰው የሚንቀው ያ «ሙዝ ሙዝ ይላል» የሚለው ወሬ፣ እውነተኛ መረጃ አለው። እኛ ደግሞ በተቃራኒው ቁጥሩን አምነን ቃሉን እንዘላለን።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ለይቼ ካልጻፍኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ክራፍት ቢራ ስንል በትናንሽና ከግዙፎቹ ኩባንያዎች ነፃ በሆኑ ጠማቂዎች የሚሠራ ቢራ ማለታችን ነው። «ትንሽ» የሚለውን ቃል ግን ጠበቅ አድርጋችሁ አትያዙት፤ የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር ትርጉም በዓመት እስከ 6 ሚሊዮን በርሜል፣ ማለትም ወደ 700 ሚሊዮን ሊትር የሚያመርተውን ሁሉ «ትንሽ» ይለዋል። የአሜሪካ ትንሽ እንዲህ ናት።

መነኮሳቱን ያስጨነቀው ደረጃ

ቤልጅግ ውስጥ ቬስትፍሌተረን በምትባል መንደር የቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም አለ። መነኮሳቱ ገዳማቸውን ለማስተዳደር ያህል ብቻ ቢራ ይጠምቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሬትቢር የተባለው የአድናቂዎች መድረክ በተጠቃሚዎቹ ነጥብ ተመርቶ «ቬስትፍሌተረን 12» የሚባለውን ቢራቸውን የዓለም ምርጥ ብሎ ሰየመው። ከዚያ የሆነውን መገመት አይከብድም። ከየአገሩ ሰው ወደ ገዳሙ በር ጎረፈ፣ መኪና ተሰለፈ፣ ቢራው አለቀ። መነኮሳቱ ምርት መጨመር ስላልፈለጉ ለአንድ ሰው የሚሸጡትን መጠን መወሰን ግድ ሆነባቸው።

ይህን ታሪክ የማነሳው ቢራው መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። በጣም ጥሩ ነው ይባላል። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ከ2005 በኋላ ያን ቢራ የቀመሰ ሰው በእርግጥ ምን ቀመሰ? በስልክ ተራ ይዞ፣ አገር አቋርጦ ነድቶ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበትን ጠርሙስ እንደ ጠበል ተሸክሞ ቤቱ የገባ ሰው፣ ከፍቶ ሲቀምሰው «ደህና ነው፣ 3.5» ለማለት ምን ያህል ድፍረት ያስፈልገዋል? እኔ በበኩሌ አልችልም።

ስሙ ከምላስ በፊት ይደርሳል

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ1964 አሊሰንና ዩል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ300 ለሚበልጡ ቢራ ጠጪዎች መጀመሪያ ምልክቱ የተነሳ ጠርሙስ ሰጧቸው። ጠጪዎቹ በቢራዎቹ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም፤ «ሌላ አልጠጣም» የሚሉትን የራሳቸውን ቢራ እንኳ ከሌላው አስበልጠው አልመረጡም። ቀጥሎ እነዚያኑ ቢራዎች ከነምልክታቸው ሲሰጧቸው ግን የሁሉም ነጥብ ከፍ አለ፣ እያንዳንዱም የራሱን ቢራ አስበለጠ። ጊዮርጊስ ይሻላል ሐረር እየተባባሉ ሲከራከሩ ያመሹ ሰዎች እዚህ ጋ ቢስቁ አልፈርድባቸውም። ክርክሩ ግን ነገም ይቀጥላል፤ ጥሩም ነው፤ እኔም አለሁበት።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን በ2006 የታተመው የኤምአይቲ ሙከራ ነው። ሊ፣ ፍሬድሪክና አሪየሊ የተባሉ ተመራማሪዎች መጠጥ ቤት ገብተው ለደንበኞች ሁለት ቢራ አስቀመሱ፦ አንዱ እንደ ወረደ፣ ሌላው ጥቂት ጠብታ ባልሳሚክ ኮምጣጤ የገባበት። ምንም ሳይነገራቸው ከቀመሱት ብዙዎቹ ኮምጣጤ ያለበትን ወደዱት። ከመቅመሳቸው በፊት «ይሄኛው ኮምጣጤ አለበት» የተባሉት ግን ፊታቸውን አጨማደው ሌላውን መረጡ። እዚህ ድረስ የሚገርም ነገር የለም። የሚገርመው ሦስተኛው ቡድን ነው። እነዚህ ከቀመሱ በኋላ፣ ምርጫቸውን ግን ከመናገራቸው በፊት ነው ስለ ኮምጣጤው የተነገራቸው። ታዲያ ከመጀመሪያው ቡድን ብዙም አልተለዩም፤ ኮምጣጤውን እያወቁም ወደዱት።

ልዩነቱን ልብ በሉት። ሰዎቹ ያወቁትን ነገር ለማስመሰል ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በፊት አወቁ በኋላ አወቁ መልሳቸው አንድ መሆን ነበረበት። አልሆነም። መረጃው ቀድሞ ሲመጣ የተለወጠው ጣዕሙ ራሱ ነው። «4.6 አለው» ተብሎ የተሰጣችሁ ቢራም እንደዚያው ነው፤ ገና ሳትጎነጩት ቁጥሩ ምላሳችሁ ላይ ተቀምጧል።

ስሙ ሲሸፈንስ? በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ሦስት የታወቁ የአውሮፓ ላገር ቢራዎችን ወስዶ ሰዎች ይለዩአቸው እንደሆነ ፈተነ። ውጤቱ በአብዛኛው በግምት ከሚገኘው የተሻለ አልነበረም። በእርግጥ እነዚህ ሦስቱ አንድ ዓይነት ቢራዎች ናቸው፤ ጥቁር ስታውትን ከስንዴ ቢራ ለመለየት ማንም አይቸገርም። አድናቂዎቹን የሚያጣላቸው ግን የ4.1 እና የ4.3 ልዩነት መሆኑን አትርሱ።

የመጀመሪያው ሰው ዕዳ

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ሲሰበሰብ የሚሆነውን እንይ። «የአንድ ሰው ነጥብ ቢያሳስትም የሺህ ሰው አማካይ አያሳስትም» የሚል መከራከሪያ አለ። ግማሹ እውነት ነው። ሺህ ሰው እርስ በርሱ ሳይተያይ ቢፈርድ ስህተቱ ይጣፋል። የቢራ አድናቂ ግን ነጥብ የሚሰጠው የቀደመውን ነጥብ እያየ ነው።

ሙችኒክ፣ አራልና ቴይለር በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ጉዳዩ ስለ ቢራ አይደለም፤ በአንድ የዜና መድረክ ላይ የሚሰጡ አስተያየቶችን ነው ያጠኑት። በዘፈቀደ ለተመረጡ አስተያየቶች ገና ሲወጡ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ የሐሰት የድጋፍ ድምፅ ሰጡ። ቀጥሎ ያየው ሰው ድጋፍ የመስጠት ዕድሉ በ32 በመቶ ጨመረ፤ የመጨረሻው አማካይ ውጤትም በ25 በመቶ ከፍ ብሎ ቀረ። የሐሰት የተቃውሞ ድምፅ ሲሰጡ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ አረመው። ማለትም መንጋው ወደ ላይ በቀላሉ ይነዳል፣ ወደ ታች ግን እንቢ ይላል። አዲስ ቢራ ሲወጣ መጀመሪያ የሚቀምሱት እነማን ናቸው? የጠማቂው ወዳጆችና ምርቃቱ ላይ የተገኙ ሰዎች። የቀረውን እናንተ ጨርሱት።

እርግጥ ነው፣ ቁጥር አዋቂዎቹ አንዳንድ መላ አላቸው። ሦስት ሰው ብቻ 5 ከ5 የሰጠው ቢራ፣ ሦስት ሺህ ሰው 4.2 ከሰጠው እንዳይበልጥ፣ ጥቂት ነጥብ ያለውን ቢራ ወደ አጠቃላዩ አማካይ ይጎትቱታል። ነጥቡ እየበዛ ሲሄድ ጉተታው ይላላል። ጥሩ መላ ነው፤ ግን የሚያክመው የቁጥር ማነስን እንጂ ምርጫው ከመጀመሪያ ያዘመመ መሆኑን አይደለም። ብርቅ ቢራ የሚቀምሰው ብርቅ ቢራ የሚወድ ሰው ነው። የተራውን ቢራ ነጥብ ደግሞ የሚሰጠው ማነው? እሱን መጠጣት የማይፈልግ፣ ሰርግ ቤት ሌላ ያጣ አድናቂ!

ለምን ኃይለኛው ሁልጊዜ ያሸንፋል?

ወደ ዋናው ቅሬታዬ መጣሁ። ማካውሊና ሌስኮቬክ የተባሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ሥራ፣ የቢራ አድናቂዎችን ነጥብ ከጀማሪነት እስከ አዋቂነት ተከታተሉት። ያገኙት ግልጽ ነው፦ ላገር ቢራዎችን ከፍ የሚያደርጓቸው ጀማሪዎች ናቸው፤ ጠንካራ ኤል ቢራዎችን ከፍ የሚያደርጓቸው ደግሞ የበሰሉት። አዋቂዎቹ እርስ በርሳቸውም ይበልጥ ይስማማሉ። አንድ ሰው በዚህ ዓለም ሲቆይ ምላሱ ወደ መራራው፣ ወደ ወፍራሙ፣ ወደ ኃይለኛው ይሄዳል ማለት ነው።

ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ቡናም ቢሆን እንደዚያ ነው፤ ልጅ ሆኖ ያለ ስኳር የወደደ የለም። ችግሩ ብዙ ነጥብ የሚሰጡት የበሰሉት መሆናቸው ነው። በእነሱ ምላስ የተሠራው ሰንጠረዥ ለሁሉም ሰው «ምርጥ» ተብሎ ይቀርባል። በዚያ ላይ የአቀማመስ ሥርዓቱ አለ። ፌስቲቫል ላይ የሚቀመሰው በትንሽዬ ብርጭቆ ነው። ከስምንት ቢራ መሃል በአንድ ጉንጭ ጎልቶ የሚሰማው ጣፋጩና ኃይለኛው እንጂ፣ ከምግብ ጋር ሙሉ ብርጭቆ ቢጠጣ የማይሰለቸው ለስላሳ ቢራ አይደለም። ስምንተኛው ጋ ሲደረስ ደግሞ ቀማሹም ሞቅ ብሎታል፤ ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

አንድ ስሌት እንሥራ። 5 በመቶ አልኮል ያለው ግማሽ ሊትር ቢራ ውስጥ 20 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለ። 10 በመቶ ያለው አንድ ትንሽ የ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ግን 26 ግራም። ትንሿ ጠርሙስ ትበልጣለች! የሰንጠረዡ አናት በእንዲህ ዓይነት ቢራ ሲሞላ፣ «ጥሩ ቢራ» የሚለው ቃል ሳይታወቅ «ብዙ አልኮል» ከሚለው ጋር ይጋባል። ምክር የሚሰጥ አድናቂ ይህን አስቦ አይደለም የሚመክረው፤ ምክሩን የሚሰማው ወጣት ግን የሚጠጣው አልኮሉን ነው።

እስካሁን ስወቅስ ነው የቆየሁት። አሁን ደግሞ የሚያስመሰግናቸውን።

ቤተ ሙከራው ለአድናቂዎቹ መሰከረላቸው

በ2024 መጀመሪያ ቤልጅግ ሉቨን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ ላይ አንድ ትልቅ ሥራ አወጡ። 250 የቤልጅግ ቢራዎችን ወስደው በእያንዳንዱ ውስጥ ከ200 በላይ ኬሚካላዊ ባሕርያትን ለኩ። 16 የሰለጠኑ ቀማሾች እነዚያን ሁሉ ቢራዎች ስማቸው ተሸፍኖ ቀመሱ። በሦስተኛ ደረጃ ከዚያው ከሬትቢር 180,000 ያህል የአድናቂዎች ጽሑፍ ሰብስበው፣ ሰዎቹ የተጠቀሙባቸውን ቃላት በኮምፒውተር ለቀሙ። (መድረኩ ራሱ በኋላ በአንድ ግዙፍ የቢራ ኩባንያ ተገዝቶ በ2025 ተዘግቷል፤ ጽሑፎቹ ለሳይንስ የተረፉት በጊዜ ነው።)

ምን ተገኘ? የተራው አድናቂ ቃል በብዙ ባሕርያት ከሰለጠኑት ቀማሾች ጋር ተስማማ። ሕዝቡ «ኮምጣጣ» ያለውን ባለሙያዎቹም ኮምጣጣ አሉት፤ መሣሪያውም አሲዱን አገኘው። እያንዳንዱ ጽሑፍ ግምት ሊመስል ይችላል፤ በሺህ ሲደመር ግን ምላስ ሆነ።

የመወደዱ ነጥብ ላይ ሲደርስ ግን ሁለቱ ወገኖች አንድ ቦታ ላይ ተለያዩ። አድናቂዎቹ የሚሰጡት ነጥብ ከቢራው ዋጋ ጋር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ ታየ፤ ስሙን ሳያዩ የቀመሱት ባለሙያዎች ነጥብ ግን ዋጋውን አልተከተለም። ይኸው ነው የእኔም ክርክር። አንድ ሰው ነው፣ አንድ ጽሑፍ ነው፤ ቃሉ ቢራውን ሲከተል ቁጥሩ ኪሱን ተከተለ።

ጥናቱን ሙሉ በሙሉ አደንቃለሁ ማለት ግን አልችልም። ተመራማሪዎቹ ማሽን አሠልጥነው የትኛው ውህድ ቢራውን እንደሚያስወድድ ጠየቁት። አናት ላይ ከወጡት አንዱ ኢታይል አሲቴት ነው፤ ሲበዛ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት፣ ጠማቂዎች እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት ውህድ። በልኩ ሲሆን ግን ለካ ይወደዳል። ይህ ጥሩ ግኝት ነው። ሌላው አናት ላይ የወጣው አልኮሉ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ማሽኑ የነገረን የሰውን ምላስ ይሁን ወይስ ቅድም ያልኳችሁን የበሰሉ አድናቂዎች ልማድ፣ ከእንዲህ ዓይነት መረጃ መለየት ያስቸግራል። በልማድ የተጻፈ ጽሑፍ የተማረ ማሽን ልማዱን መልሶ ያነባል። ያም ሆኖ የተመረጡትን ውህዶች ለገበያ በቀረበ ቢራ ላይ ሲጨምሩ ቀማሾቹ ይበልጥ ወደዱት፤ አልኮል በሌለው ቢራም ላይ ሠርቷል። ለመኪና ነጂውም፣ በእምነት ለሚከለከለውም፣ በጤና ምክንያት ለተወውም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የማን ምላስ፣ የማን ቃል?

ቃሉ ይሻላል ካልን፣ ቃሉንም መተቸት አለብን። አድናቂዎቹ የሚጠቀሙበት የጣዕም መዝገብ ሰማይ የወረደ አይደለም። በ1970ዎቹ ሞርተን ማይልጋርድ የተባለ ዴንማርካዊ ኬሚስት ጠማቂዎች እንዲግባቡ ብሎ የቢራ ጣዕሞችን በአንድ ክብ ላይ ደረደራቸው። «የጣዕም ክብ» የሚባለው እሱ ነው። ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን የሚያመሳስለው በሰሜን አውሮፓና በአሜሪካ ወጥ ቤት ካለው ጋር ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ቢራ በአረንጓዴ ወይም ነጭ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ብርሃኑ ከሆፕ የሚመጡትን መራራ ውህዶች ሰብሮ የሚገማ የድኝ ውህድ ይፈጥራል። አሜሪካኖቹ «ስከንክ ስከንክ ይላል» ይሉታል። ስከንክ እዚያ ያለች፣ ስትናደድ የሚያስጠላ ጠረን የምትረጭ አውሬ ናት። እዚህ እኛ ዘንድ የለችም። ታዲያ ይህ ቃል ለአዲስ አበባ አንባቢ ከ4.6 በምን ይሻላል? ወይም «ቅቤ ቅቤ ይላል» የሚለውን ውሰዱ። ዳይአሴቲል ከሚባል ውህድ የሚመጣ፣ ፈንድሻ ላይ የሚቀባ የፈረንጅ ቅቤ ጠረን ነው። አማርኛ ተናጋሪ ቅቤ ሲባል የሚያሸተው ግን በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረውን ነው፤ ያ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። በተቃራኒው የባቫሪያ የስንዴ ቢራ «ቅርንፉድ ይላል» ሲባል እናንተ ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ፤ ጠዋት ሻያችሁ ውስጥ አለ።

ከሁሉም የበለጠ የገባኝ ግን በራሴ ምላስ የሆነው ነው። ጀርመን ባምበርግ ከተማ ብቅሉን በእንጨት ጭስ የሚያደርቁበት ጥንታዊ የቢራ ዓይነት አለ። ስለሱ የተጻፈውን ብታነቡ «የታጨሰ የአሳማ ሥጋ» የሚል ነው ደጋግሞ የሚመጣው። እኔ ስቀምሰው የመጣብኝ የአክስቴ ጓዳ ነው፦ በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነ የጠላ እንስራ። ሁለታችንም አልተሳሳትንም። እንጨት ሲጨስ ጓያኮልና የመሳሰሉትን ይሰጣል፤ ጭሱ ሥጋ ላይ ቢያርፍ እነሱን ሥጋ ያስታውሳቸዋል፣ እንስራ ላይ ቢያርፍ እኛን ጠላ ያስታውሰናል። «የታጠነ እንስራ ይላል» የሚል አንድ መስመር ግን እኔን ለመሰለ አንባቢ ከሺህ ኮከብ ይበልጣል።

ስለ ጠላ ካነሳን አይቀር፣ ጠላ ጠጪ እንዴት እንደሚመክር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? «ጌሾው በዝቶበታል።» «ጉሽ ነው፣ ገና አልጠለለም።» «ቅራሪ ሆኗል።» «ሆምጥጧል።» «አሻሮው አሯል።» አንዱም ቁጥር አይደለም። ሁሉም ደግሞ ምክንያቱን ያሳያሉ፤ ጠማቂዋ ብትሰማ ነገ ምን ማስተካከል እንዳለባት ታውቃለች። 3.2 ቢሏት ምን ታደርግበታለች? ጥሩ ትችት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ከጣዕሙ ወደ ሥራው የሚመልስ። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካነሳ ወዲህ፣ የቢራ ምክር ይበልጥ ከአፍ ወደ አፍ ሆኗል። ታዲያ የራሳችን ቃል እያለን የሰው ኮከብ መዋስ ለምን እንዳስፈለገን አይገባኝም።

ስለዚህ ወዳጃችሁ ቢራ ሲመክራችሁ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት። ምን ምን ይላል? ከምን ጋር ጠጣኸው? መቼ ነው የታሸገው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል አይደለችም። ሆፕ የበዛበት አይፒኤ መዓዛው በወራት ውስጥ እየጠፋ፣ ቢራው ሲያረጅ እርጥብ ካርቶን የሚል ጠረን ይመጣል። ቬርሞንት ውስጥ በተጠመቀ በሳምንቱ የተሰጠ ነጥብ፣ ሦስት ወር መርከብ ላይ ለከረመ ጣሳ ምንም አይናገርም፤ ስሙ ግን ያው ነው። ደግሞም የማትስማሙበትን ሰው ፈልጉ። እሱ «ሲበዛ መራራ» እያለ የሚያጣጥለውን ሁሉ የምትወዱ ከሆነ፣ ከእሱ የተሻለ አማካሪ አታገኙም።

ራሳችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ ደግሞ ቤታችሁ የምትሠሩት ሙከራ አለ። ሁለት የሚመሳሰሉ ቢራዎች ግዙ። ሌላ ሰው ሦስት ብርጭቆ ይቅዳላችሁ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ ልዩ። ቅዝቃዜያቸው እኩል ይሁን፣ ትንሽ ትንሽ ብቻ ይቀዳ፣ ብርጭቆው ቢቻል ቀለም የማያሳይ ይሁን። ልዩውን ፈልጉ። በግምት የማግኘት ዕድላችሁ ከሦስት አንድ ነው። ስድስት ጊዜ ደግማችሁ አራት ጊዜ ብታገኙት ገና አትኩሩ፤ በግምት ብቻም ከአሥር አንዴ ይሆናል። አምስትና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ግን ዕድሉ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም፤ ያኔ ምላስ አላችሁ።

እኔ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ ዓርብ ማታ ሞክሬዋለሁ። አንዱ ቢራ ለዓመታት «ይሄማ በጨለማ ይለያል» እያልኩ ስከራከርለት የኖርኩት ነው። ከስድስት ሁለት አገኘሁ። ለዋሽንግተኑ ጓደኛዬ ስነግረው እስኪያመው ሳቀና በሳምንቱ ሌላ ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ 4.4 የሚል አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ትንሽ ብርዝ ብርዝ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ጌሾ ነገር» ብሎ ጽፎበታል።